ወታደሮቹ ምን ይበላሉ?

ጅጅጋ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀዳለ፣
አንካራ

የኔ ዓለም፣ የጤናዬን ነገር መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ፤ መጀመሪያ ስለ ጥናትሽ እናውራ። ደም ውስጥ ስብ ሲበዛ ነጭ ሴሎቹ ስቡን እየዋጡ እንደሚያብጡ፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቀው እንደሚቀሩና ጠላት በሌለበት እንደሚቆጡ የጻፍሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኤረር ሳለን የነበረው ትዝ አለኝ።

ስምንት ዓመትሽ ነበር። ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ውስጥ በርጩማ ላይ አቁሜሽ ነጭ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ ሳሳይሽ፣ «እነዚህ የሰውነት ወታደሮች ናቸው» ብልሽ፣ «አባዬ፣ ወታደሮቹ ምን ይበላሉ?» አልሽኝ። «ወታደር ያገኘውን ይበላላ!» ብዬ ሳቅሁብሽ። ያችን ጥያቄ ይዘሽ ባሕር ተሻገርሽ። እንዴት እንደምኮራብሽ!

የባቡር ጣቢያው ባንዲራ ያዥ ሱጉሌስ ትዝ ይልሻል? የግመል ሻኛ ስብ ጠቅልሎ ያመጣልሽ የነበረው። ያኔ ማሽን የሚያዞር መብራት ስላልነበረን ለምርመራ የቀዳነውን ደም በቱቦ አቁመን ውሃው ከላይ እስኪለይ እንጠብቅ ነበር። የሱጉሌ ግን አይጠራም፤ ወተት ይመስላል። «በልተህ ነው የመጣኸው፤ ነገ ሳትበላ ና» እለዋለሁ።

«ወላሂ ሀብተየስ፣ ሰው በባዶ ሆዱ ሐኪም ጋ ይሄዳል እንዴ?» ይለኛል።

ነገ ነገ ስንባባል አንድ ጠዋት አረንጓዴ ባንዲራውን እንደያዘ ባቡሩ ፊት ወደቀ። ልቡ ነበር። አጥብቄ ሳልይዘው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው ማክሰኞ ስድሳ ሁለት ዓመት የሞላው አንድ ሰው ላቦራቶሪ መጣ። ደሙን የቀዳችው በእኔ ቦታ የተተካችው ዐናብ ናት። ወተት መሰለ። «በልተው ነው የመጡት፤ ነገ ሳይበሉ ይምጡ» አለችው። ሰውየው ግን የነቢያት ጾም ከገባ ቅቤ አልቀመሰም፤ ከምርመራው ዋዜማ ጀምሮ ከውሃ በቀር አፉ አልገባም። ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ስቡ ቢቀንስ የእንዲህ ያለ ሰው ወታደሮች ይረጋጋሉ? ወይስ አንዴ ከተቆጡ አይመለሱም? እንዳትሸፋፍኚ፣ እውነቱን ጻፊልኝ። ሩቅ አገር አንዲት ልጅ አለችው፤ ትምህርቷን ጥላ እንዳትመጣ ብሎ አልነገራትም።

የያዝሽውን ከዳር ያድርስልሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ለሰው መዳኛ ይሁን።

ጤናዬን በተመለከተ፣ ደህና ነኝ። መልሱን ግን አታዘግዪብኝ።

አባትሽ
ሀብተየስ