የተክል ግድግዳውን ፍግ ያስደረገው አጎቴ

ቅዳሜ፣ ጥር 16፣ እንጅባራ

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ሙሉ ሆቴል በር ላይ የተቀበለኝ ሽታ ነው። ጋሼ ሙሉ አጎቴ ነው። ትምህርት ካቆምኩ ጀምሮ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ያሉትን ዓሣዎችና ከገንዳው በላይ ያለውን የተክል ግድግዳ የምንከባከብለት እኔ ነኝ። ፓምፑ የገንዳውን ውሃ ወደ ግድግዳው ያወጣል፤ ውሃው የተክሎቹን ሥር አርሶ ተመልሶ ዓሣዎቹ ላይ ይወርዳል። ስንቴ ነገርኩት!

ገንዳው አተላ መስሏል። ሰሀን ከሚያካክሉት ዲስከስ ዓሣዎች ሁለቱ ሞተው ተንሳፍፈዋል። ሰማያዊው ብቻ አፉን ከፍቶ ያለከልካል።

"ጋሼ፣ ምን ጨመሩበት?"

"ለነገው ሰርግ እንዲለመልም ግድግዳውን ፍግ አስደረግሁበት። አባቴ ድንቹን በምን ያበቅል ነበር?"

"ድንች ሥር ዓሣ ይዋኛል እንዴ?"

"አንተ ትምህርት አቋራጭ! እኔን ልታስተምር?"

"እኔ ያቋረጥኩት ትምህርት ነው፤ እርስዎ ያቋረጡት ማሰብ ነው!"

ውጣ አለኝ። ከኋላዬ ለአስተናጋጇ "ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ ነው የሚመጡት፤ ሽታ ደሞ ፎቶ ላይ አይወጣም" ሲላት ሰማሁ። ተመልሼ ገባሁና ሰማያዊውን በባልዲ፣ የገንዳውን ውሃ ማሞቂያ በኪሴ ይዤ ወጣሁ። ጋሼ አፍንጫውን ይዞ ነበር።

አሁን ዓሣው አልጋዬ አጠገብ ሳፋ ውስጥ ነው። ቀለሙ ጠቁሯል። እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ፤ አሁንም ፍግ ፍግ ይላል። ነገ ጋሼ ገንዳው ባዶ ሆኖበት ዓሣዬን አምጣ ቢል አልሰጠውም። ብቻ እስከዚያ ይተንፍስልኝ።