አባ ፍሬ ቅዱስን የሚጠይቅ ሰው ከመጣ

ሰሚያ፣
ትክል ድንጋይ ከተማ፣ እናቴ ጋ ሄጃለሁ። ውሃ ሲመጣ በርሜሉን ሙዪ።

እስር ቤት ሳሉ የማጽናኛ ደብዳቤ እጽፍላቸው የነበሩት አያ አዳሙ ተፈተው ነገ እኛ ቤት ይመጣሉ። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳዊት እየጠቀስሁ «ፍሬ ቅዱስ» ብዬ ስፈርም፣ ቅዱስ ያባቴ ስም መሆኑን በምን ይወቁ፤ መነኩሴ መስያቸው ኖሯል። ለካ ደብዳቤያቸውን ሁሉ «አባቴ ይፍቱኝ» ብለው የሚጨርሱት ወደው አይደለም።

አንቺም የጠበቃ አመልሽ አላስቀምጥ ብሎሽ፣ ደብዳቤያቸውን ከፍተሽ «መፍታት አንችልም፣ ይግባኝ ይበሉ» ብለሽ በኔ ስም መለስሽላቸው። የለመኑት ከኃጢአት መፈታትን መሆኑን አውቀሽ ይሁን ሳታውቂ፣ እስካሁን አልነገርሽኝም። ያኮረፍሁሽም ለዚሁ ነበር።

ሰውየው ይግባኝ አሉ፤ ፍርድ ቤቱም በነጻ አሰናበታቸው። ስለኔ የሁለት ዓመት ዳዊት ምንም አንናገር።

መስቀል ሊሳለሙ ሙክት እየጎተቱ ነው የሚመጡት። «አባ ሱባኤ ገብተዋል» በያቸው። እኔ ብዋሽ ኃጢአት ይሆንብኛል፤ አንቺ ጠበቃ ነሽ።

ሙክቱን ተቀበዪና በእናንተ ሰው አሳርጂው፤ ለኔ እንዳታስቀሪ። የፈታሻቸው አንቺ ነሽ።

ፍሬ