«ይበል!» ያልንላት ጽሑፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ቡሬ

ይታይሽ ዛሬም ክፍል አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋን ስመኝን አስቀርቼ ጠየቅኋት።

«ከደላላ ጋር ሄደች፣ መምህር። አረብ አገር።»

«ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ!»

አንገቷን ደፋች። «በብሎጓ ጽፋልዎት ነበር እኮ።»

እውነቷን ነው። ለጽሑፍ ኮርሱ ብሎግ እንዲጽፉ፣ የጓደኞቻቸውንም እያነበቡ አስተያየት እንዲሰጡ ያዘዝኳቸው እኔው ነኝ። ይታይሽ ከእናቷ ተደብቃ ልትኮበልል ስለተሰናዳች ልጅ ጻፈች። እኛ ልብ ወለድ መሰለን። ከክፍሉ ልጆች ብዙዎቹ ከቅኔ ቤት የመጡ ናቸው፤ ጥሩ ነገር ሲያነቡ እዚያ እንደለመዱት ያሞግሳሉ። ከሥሩ «ይበል! ይበል!» እያሉ ሞሉት።

መቆሚያ መቀመጫ አጥቻለሁ። እናቷ ለገበያ ሲመጡ ሁልጊዜ ግቢው በር ላይ ቆመው ያስጠሯታል። ምን ልበላቸው?

ጽሑፉን መልሼ ከፈትኩት። «የሚያስቀራት ሰው ብታገኝ ትቀር ነበር» ብላ ነው የጨረሰችው። ከዚያ በታች የእኔ አስተያየት አለ፦

«ቋንቋሽ ግሩም ነው። መጨረሻው ላይ ግን ልጅቷ ታመነታለች። ቆራጥ አድርጊያት።»