መስኮቱ ላይ የሰቀልኳቸው ቀሚሶች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ሆዴ፣ የኔ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ እንደወትሮው ያጉረመርማል፤ የስፌት መኪናዬም እንደኔው።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዓመት ሙሉ ቦርሳ እየሰፋሽ ፎቶውን ኢንተርኔት ገጽሽ ላይ ብትለጥፊ ተከታዮችሽ ሦስት መቶ አልሞሉም። አሁን አንዱ «በሳምንት አሥር ሺህ ተከታይ ላምጣልሽ» ብሎሽ ልትከፍይው ነው። እሱም ካልሆነ ስፌቱን ትተሽ ወደ ቢሮ ልትመለሺ። እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ አልተርትብሽም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ አሰልችቼሻለሁ። ይልቅ አንድ ሞኝነቴን ላውጋሽ።

ሱቄን የከፈትኩ ሰሞን ዝር የሚል ሰው ጠፋ። ባዶነቱ አሳፈረኝና የራሴን ቀሚሶች፣ የእህቴን ኮት፣ የአባትሽን ሱሪ ሳይቀር መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። ሥራ የበዛባት ለመምሰል የደንበኛ ስም ፈጥሬ በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩባቸው። ሰው መምጣቱን መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ያይና «ውይ፣ እንዲህ ተጨናንቀሽ የኔን መቼ ታደርሺልኛለሽ?» ብሎ ወደ ሌላዋ ልብስ ሰፊ ይሄዳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በገዛ ልብሴ ደንበኛ አባረርኩ። አባትሽ እስኪበቃው ስቆ ሲያበቃ «በይ ሱሪዬን መልሺልኝ» አለኝ።

ሁሉንም ባወረድኩ ማግስት ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪዋ የተቀደደ ሽርጥ ይዛ መጣች። ጣፍኩላት። እሷ እህቷን አመጣች፤ እህቷ ደግሞ አማቷን። ሱቁ እስኪሞላ አራት ዓመት ፈጀ። ብዙዎቹ ግን ዛሬም አልተለዩኝም።

አሁን ደግሞ ኑዛዜ። ባለፈው ወር በአንድ ቀን አርባ ተከታይ አገኘሁ ብለሽ የጨፈርሽበት የኔ ሥራ ነው። የመንደሩን ሰው ስልክ እየለመንኩ ገጽሽ ላይ ያስገባኋቸው ናቸው። ሥጋ ሻጩማ ቦርሳና ጆንያ አይለይም። አላስችል ብሎኝ ነውና ይቅር በይኝ። አንዳቸውም ተመልሰው አላዩሽም፤ ከፍለሽ የምታመጫቸውም ከነሱ አይሻሉም።

አንድ ተከታይ ግን የኔ ያልሆነ አለ። ያ ፎቶ የሌለው፣ በየቅዳሜው «ማንገቻው በድርብ ክር ነው የተሰፋው?» እያለ የሚጨቀጭቅሽ። አንቺም ሳትሰለቺ ታስረጂዋለሽ። የሩቅ አገር ሰው ይመስለኝ ነበር። ያለፈው ቅዳሜ ጓዳ ስገባ አባትሽ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ስልኩ ላይ በአንድ ጣት ላንቺ ሲጽፍ ደረስኩበት። ቢሮሽን ለቀሽ መርፌ ያዝሽ ብሎ ዓመት ሙሉ ስልክሽን ያላነሳው አባትሽ። ስልኩን ከትራስ ሥር ከተተ። እኔም ያላየሁ መስዬ ወጣሁ።

የጻፈልሽን ሁሉ ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኩት። መጀመሪያ «ቆዳው ሳስቷል» ነበር የሚለው። ያለፈው ቅዳሜ «ጥሩ እጅ አለሽ» ብሎሻል። በራሱ እርምጃ ቢሆንም ወደ አንቺ እየመጣ ነው። እኔ እንደነገርኩሽ እንዳያውቅ።

እጅሽን ይባርክልኝ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ገጽሽን አትዝጊው። ቅዳሜ ሲጠይቅሽ መልሺለት።

ናፍቆትሽ የጠናባት እናትሽ