ሁላችንም ከአማካይ በላይ እንድንሆን ላዘዙን

ለተከበሩ የኮሌጁ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም አንኳኩተን አንኳኩተን የሰለቸን ያ የቢሮዎ በር ደህና ነውን? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ዛሬም እዚያው አልጀብራ መግቢያ ላይ ነን። እኔ በሆስፒታል ካርድ ክፍል ሥራ ላይ ፀጉሬ የሸበተ፣ ከገዛ ልጄ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ የምማር ተማሪዎ ነኝ። እሷ ነርስ ለመሆን፣ እኔ ደግሞ «ዲፕሎማ የላትም» እየተባለ ሹመቱ በየጊዜው ከእጄ ሲያመልጥ ስላንገፈገፈኝ ተመዘገብን። ሁለታችንም ይህን ኮርስ ሳናልፍ ንቅንቅ አንልም፤ የነርስነቱ ምዝገባም በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል።

ቁጥር ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ከሁሉ አስቀድሜ፣ በሰሌዳው ላይ በማኅተም አስደግፈው ስለለጠፉት መመሪያ አመሰግናለሁ። «ከክፍሉ አማካይ ውጤት በላይ ያላመጣ ተማሪ ይደግማል፤ ይህም ሁሉም ተማሪዎች ከአማካይ በላይ እስኪሆኑ ድረስ ይቀጥላል» ይላል። ማንም ከማንም እንዳያንስ መጨነቅዎ አንጀቴን በላው። እንቅፋት የሆነብን የራስዎ መጽሐፍ ነው፤ አማካይ ማለት የሁሉም ውጤት ተደምሮ ለሁሉም እኩል ሲካፈል የሚደርሰው ነው ይላል። እንዲህ ከሆነ አንዱ ከዚያ በላይ ሲወጣ ሌላው ከዚያ በታች መውረዱ የግድ ነው። ይህንኑ መምህራችንን ብጠይቃቸው፣ ፊታቸውን አዙረው ምንም ያልተጻፈበትን ጥቁር ሰሌዳ ማጥፋት ጀመሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ልጆች ያሳድጋሉ፤ አልፈረድኩባቸውም።

፪. ክፍላችን እንዲህ ሰፋ ብሎን እንድንቀመጥ ስላደረጉን ደግሞ እጥፍ ድርብ ምስጋና ይድረስዎ። ከአማካዩ በላይ ያመጡት በየዙሩ አልፈው ይሄዳሉ፤ በቀረነው መካከል አዲስ አማካይ ይሠራል፤ ፈተናው እንደገና ይጀመራል። አዲስ ገቢዎች ከደጋሚ ጋር እንዳይቀላቀሉ ስላዘዙም የሚጨመርልን ሰው የለም። ጡረታ የወጡ አንድ ሾፌር ነበሩ፤ ሰማንያ አምጥተው ወደቁ። ያን ጊዜ ሁላችንም ተባብረን አጥንተን ጎብዘን ነበርና፣ አማካዩም አብሮን ጎበዘ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያዩን ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ሌሎቹም በቃኝ እያሉ ቀሩ። በመጨረሻ እኔና ልጄ ብቻ ቀረን፤ እሷም የቀረችው እኔን ስታስረዳ የራሷን ጥናት እየረሳች ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል።

፫. ይህን የምጽፈው በንዴት ነው። ሁለት ሰው ሲቀር ነገሩ ያው ነው፤ እሷ እንድታልፍ እኔ መውደቅ አለብኝ። እናት ነኝና ብዙም አላሰብኩበትም። ባለፈው ፈተና ስሜን ብቻ ጽፌ፣ የማውቃቸውን ጥያቄዎች እያየሁ ምራቄን ውጬ፣ ባዶ ወረቀት አስረከብኩ። ውጤቱ ሲለጠፍ ምን ባይ ጥሩ ነው? እኔም ዜሮ፣ እሷም ዜሮ! ለካ ያቺ ግትር ልጅ፣ እናቴ ትለፍ ብላ እሷም ባዶውን ሰጥታ ኖሯል። ኮሪደሩ ላይ መጀመሪያ ተሰዳደብን፣ ቀጥሎ ተቃቅፈን ተላቀስን። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ቅንጣት ሳይደነግጥ «ሁለቱም ከአማካይ በላይ አላመጡም» ብሎ ማኅተሙን መታበት። አልተሳሳተም፤ የሁለት ዜሮ አማካይ ዜሮ ነው።

ትቼላት ልውጣ ብልም አልሆነልኝም። ብቻዋን የቀረች ተማሪ አማካዩ የራሷ ውጤት ነው፤ መቶ ብታመጣ እንኳ ከራሷ ልትበልጥ አትችልም። እንግዲህ እኔ ክፍሉ ውስጥ መቆየት አለብኝ፣ መውደቅም አለብኝ፤ እሷ ደግሞ ይህን ከምቀበል ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። አንቺ ጻፊ፣ የለም አንቺ ጻፊ ስንባባል ከቤታችን ሰላም ጠፋ። የሚቀጥለው ፈተና ሰኞ ነው፤ ከምዝገባው በፊት ሌላ ፈተና የለም። ክቡር ሆይ፣ ቀልድ አይምሰልዎ፤ የልጄ ዕድል እርስዎ በጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል። እባክዎን ይሰርዙልን።

ለጤናዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለብዕርዎ ጥቂት ዕረፍትን እየተመኘሁ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ከማንም የማልበልጥ ከማንም የማላንስ ተማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ መመሪያውን መሰረዝ ክብርዎን የሚነካ ከሆነ፣ ሰኞ ጠዋት መጥተው ከእኛ ጋር ሦስተኛ ሆነው ይፈተኑልን። እርስዎ አማካዩን ወደ ታች ከጎተቱልን፣ እኔም ልጄም እንደ ልባችን ጽፈን ሁለታችንም እናልፋለን። ስለ አማካይ ያለዎትን ዕውቀት ከመመሪያዎ ስላየን፣ አያሳፍሩንም ብለን ሙሉ እምነት ጥለንብዎታል።