ያልበላሁት ሥጋ

ኅዳር 3፣ ጠዋት
ማሽላው እየተቆረጠ ነው። ወገቤ ዛሬም እምቢ አለ። ደብተሬ፣ ብዙ አልጽፍብሽም፤ በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት ፊደል ነው።

የጀማልን ጉዳይ የያዘችው ጠበቃ ልጅ ከከሚሴ ደወለች። ልጄን ጀማልን ያስገደለው የታጣቂዎቹ አለቃ ባሕር ማዶ ተይዟል። የዚያ አገር ዳኞች እዚህ በሠራው ሊዳኙት ነው። እንዴት ይሆናል አልኳት። ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ግፍ ድንበር የለውም አለች። ምስክር ይፈልጋሉ። አውድማው ላይ "ጨርሱት" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሰማነው በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እሺ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ ወዲያ ነው የፈራሁት።

ኅዳር 7፣ እሑድ
ሰንበቴ ከተማ፣ ገበያ። ወይፈን ልሸጥ ወጣሁ። የዚያ የተያዘው ሰውዬ ታላቅ ወንድም እዚያ ከብት ይነግዳል። መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ አባ ጀማል አለኝ በኦሮምኛ። ነጋ፣ ደህና አልኩት። ጤናዬን ጠየቀ። ማሽላውን ጠየቀ። ከዚያ የፋጡማን ልጆች ጠየቀ፣ በየስማቸው። ልጄ ፋጡማ ከሚሴ ነው ያገባችው፤ ልጆቿ የት እንደሚማሩ ሁሉ ያውቃል። ወይፈኑን ሳልሸጥ ነድቼው ተመለስኩ።

ኅዳር 9
ሽማግሌዎች መጡ፣ ሸህ አወል ከፊት። ደም ይድረቅ አሉ። የሰውየው ቤተሰብ በሬ ያርዳል፣ አብረን እንበላለን፣ ዱዓ ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ የጀማልን ደም ማንም፣ የትም አያነሳም። ወጉን አውቀዋለሁ፣ ስንቱን አስታርቄበታለሁ። የትም ማለት ባሕር ማዶም ነው ወይ አልኳቸው። ሸህ አወል ሳቁ። "አንተ ሰውዬ፣ አላህ ባሕር ማዶ የለም እንዴ?"
አልበላም አልኩ። ሳቁ ቆመ።

ኅዳር 10
ሞተር ሳይክል ሁለቴ በደጄ አለፈ። መንገዱ ከኔ ቤት ወዲያ የትም አያደርስም። ውሻው አልጮኸም። የሚያውቀው ሰው ይሆን?
ጠበቃዋ ደወለች። ከሚሴ ቢሮዋ ሆኜ በቪዲዮ ነው የምመሰክር፣ ስሜም ይደበቃል፣ በቁጥር ነው የሚጠሩኝ። ቁጥር የሚንጠለጠልበት የክትባት ከብት ነኝ ወይ ብዬ ተቆጣኋት። "አባባ፣ እንዲኖሩ ብለን ነው" አለችኝ።  

ኅዳር 12፣ ጁምዓ
ጉድ ሆነ። ፋጡማና ባሏ ሰይድ መጡ። ሰይድ ትናንት ሰንበቴ ሰደቃ ተጠርቶ ሄዷል፣ የሌላ ሰው ሙት መታሰቢያ መስሎት። በላ። ዱዓው መሐል የጀማል ስም ሲጠራ ጉርሻው አፉ ውስጥ ነበር። መትፋት አፈረ። ዋጠው።
አሁን አገሩ ሁሉ የአባ ጀማል ቤት በላ እያለ ነው። ሸህ አወል ዘንድ ሮጥኩ። አማች ልጅ ነው፣ ተበልቷል አሉ። እንግዲህ ብመሰክር ዱዓ የሻርኩት እኔ ነኝ። ዱዓ የሻረ ሰው ቢገደል ማንም አይጮህለትም።
ፋጡማ አለቀሰች። አባ፣ አላህ ራሱ መውጫ ሰጠህ፣ በቃ በል፣ ልጆቼ ይደጉልኝ አለች።
እውነቱን ልጻፍ፤ ቀለለኝ። እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ኅዳር 13
ስነሳ አፈርኩ። ሚስቴ ዘይነባ በሕይወት ብትኖር ፊቴን አታየውም ነበር። የልጇን ስም እየጠራች ነው የሞተችው።
ለጠበቃዋ አልደወልኩም። እሷ ደወለች። አላነሳሁም።

ኅዳር 16
 ስንቱን ደም እንዳደረቅሁ አሰብኩ። አንድ ነገር መጣብኝ። ገዳይ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ገድያለሁ ማሩኝ ሳይል እኔ በሬ አሳርጄ አላውቅም። አንድም ቀን። ሰንበቴ ላይ ድንጋይ የተሸከመ ነበር ወይ ብዬ ሰይድን በስልክ ጠየቅሁት። የለም። ገደልኩ ያለ? የለም፣ አባ፣ ሥጋ ብቻ ነበር።

ኅዳር 19፣ ጁምዓ
ከሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ተነሳሁ። በትሬን ተመረኮዝኩ። ገደልኩ ያለ ሰው የለም፣ ገዳዩ ያላመነውን ደም በምን አደረቃችሁት አልኩ። ሸህ አወል መሬት መሬት አዩ። ወንድምየው ግን ከኋላ ተናገረ። "ሰውየው ታስሮ እንዴት ይምጣልህ?"
"እንግዲያው እኔ እሄድለታለሁ" አልኩት።
ያልኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ሌላ ጊዜ ጁምዓ አራት አምስት ሆነን ነው ወደ ቤት የምንሄደው። ዛሬ ብቻዬን።

ኅዳር 21፣ እሑድ
ፋጡማ ልጆቹን ይዛ ደሴ ወደ አክስቷ ሄደች። ተኮራርፈን ተለያየን። ይሻላል።
ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከሚሴ እወርዳለሁ። ለጠበቃዋ ደወልኩላት፣ መናኸሪያው ላይ ትቀበለኛለች። በቁጥርም ይጥሩኝ።
ዳኛው "ጨርሱት ያለው ማን ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል አለችኝ። በሩን ዘግቼ ተለማመድኩ። የሰውየውን ስም ልጠራ ስል ድምፄ ጠፋ። ውሃ ጠጣሁ። ደግሜ ሞከርኩ፣ በሹክሹክታ ወጣ። ሹክሹክታ ባሕር ማዶ ድረስ አይሰማም።
ወደ ደጅ ወጣሁ። በማሽላው ክምር ፊት ቆሜ ስሙን ጮክ ብዬ ጠራሁት።