ሰባት አንዶች

ሰኞ
አስወጣኋት። ሰባተኛ ክፍል ሙሉ እያየ፣ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ቆሜ፣ "ውጪ፤ አባትሽን ይዘሽ ነይ" አልኳት። ሰሌዳው ላይ 1,111,111 ጽፌ፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም ብዬ ነበር። ዘይነባ ተነሥታ "አለ" አለች። የትኛው ነው ብላት ቁጥሩን አልጠራችም። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ እስከ 1,054 ድረስ እየሞከርኩ የጨረስኩት ቁጥር ነው፤ 1,054 በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ስለሚጠጋ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም። ደብተሩ ዛሬም አለኝ። ስኮራበት ኖሬያለሁ።

ማክሰኞ
አባቷ አቶ ሸምሱ መጡ። እዚህ ቡታጅራ በርበሬ የሚነግዱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። "መምህር፣ ልጄ ዋሽታ ከሆነ ትምህርቱ ይብቃት። ለጋብቻ የሚጠይቋት ሽማግሌዎች ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ፤ እሺ እላቸዋለሁ።" አልዋሸችም፣ ተሳስታ ነው ብላቸው አልሰሙኝም። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ምን ነካኝ።

ረቡዕ
ማካፈሉን ከመጀመሪያው እየደገምኩ ነው። ሦስት፣ አይሆንም። ሰባት፣ አይሆንም። ዐሥራ አንድ፣ አይሆንም። 97 ላይ እጄ ዛለ። ተሳስቼ በተገኘሁ እያልኩ ስለት እስከ መሳል ደርሻለሁ።
ዘይነባን እንዳልጠይቃት ከቤት አትወጣም። አጠገቧ የምትቀመጠው ወርቅነሽ ግን ነገረችኝ፦ በርበሬ ስትቀነጥስ፣ መጠቅለያ ወረቀት ላይ አንድን በሆነ ቁጥር ስታካፍል ነበር። ቀሪው ሲለዋወጥ ቆይቶ ሰባተኛው ላይ መልሶ አንድ ሆነ።
"በስንት ነው ያካፈለችው?"
"ረስታዋለች። ወረቀቱ በርበሬ ተጠቅልሎበት ተሸጠ።"

ሐሙስ
ሰባተኛው ላይ አንድ ከተመለሰ፣ 10,000,000 ሲካፈልበት አንድ ይተርፋል ማለት ነው፤ ያ ቁጥር 9,999,999ን ያለ ቀሪ ያካፍላል። እሱ ደግሞ የእኔው ቁጥር ዘጠኝ እጥፍ ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር፣ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው ከሌለ፣ አንድ ሲቀነስለት ለሰባት ይካፈላል፤ ተምሬው ረስቼው ነበር። ስለዚህ የምሞክራቸው ጥቂት ናቸው። 29፣ 43፣ 71፣ 113፣ 127። የለም። 197፣ 211። የለም። ማልቀስ አማረኝ።
239። 4,649 ጊዜ። ቀሪ ዜሮ።
የድሮ ደብተሬን ገለጥኩ። በ239 ሳካፍል ከ1,551 ላይ 1,434 ቀንሼ 127 ብያለሁ። 117 ነው። በዐሥር ስሕተት የሰው ልጅ ላስድር ነው።

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ አቶ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። "አሰላሙ አለይኩም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቱ ልክ ናት" አልኩ። አቶ ሸምሱ ሚዛናቸውን መወልወል አላቆሙም። "እኔ ሚዛን ሲሳሳትብኝ የማስተካክለው እዚያው ገዢው ፊት ነው። እርስዎ ያዋረዷት የት ነው?"
ክፍል ውስጥ፣ አልኩ። ሽማግሌዎቹ አልተነሡም።

ሰኞ
የድሮ ስሕተቴን እንዳለ ሰሌዳው ላይ ገለበጥኩት። ከሥሩ 239 × 4,649፣ ከጎኑ የዘይነባን ስም ጻፍኩ። አንዱ ሳቀ፤ ይሳቅ። ስም ስጠራ እሷ ላይ ደረስኩ።
"አቤት" አለች፣ ከበሩ።
አባቷ ከኋላዋ ቆመው ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ሽማግሌዎቹን እስከ ሰኔ ጠብቁ ብለዋቸዋል። ከሰኔ በኋላ ያለውን አላውቅም። ዛሬ ግን ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች።